የስልሳዎቹን ረጃጅም የአሜሪካ መኪኖች ገዝቶ መሸጥ፦ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው

የስልሳዎቹን ትልቅ የአሜሪካ መኪና ፈታትቶ፣ ከሻንሲው ጀምሮ አድሶ፣ ሸጦ ያተረፈ ሰው አላውቅም። ሙስታንግ ላይ ያተረፈ አውቃለሁ። ካማሮ ላይም አውቃለሁ። ቢዩክ ኤሌክትራ ወይም ክራይስለር ኒውዮርከር ላይ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ነገሩ ግልጽ ነው። ባለሙያው የሚያስከፍለው የሰዓት ዋጋ ለሁሉም አንድ ነው። ትልቁ መኪና ደግሞ ብዙ ላሜራ፣ ብዙ ቀለም፣ ብዙ ክሮም ይበላል። ሲሸጥ ግን እንደ ሙስታንግ ካለው ትንሽ ስፖርት መኪና ያነሰ ያወጣል። ስለዚህ እኔ አላድስም። አካሉ ያልተበላሸ እፈልጋለሁ፣ ፍሬኑንና የነዳጅ መስመሩን እሠራለሁ፣ አጥቤ ትንሽ ጊዜ እነዳዋለሁ፣ ከዚያ እሸጣለሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የቀን ሥራዬም ሌላ ነው። ይሄ የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው። ሰሞኑን ግን አንዳንድ ልጆች “እስኪ እኛንም አስጀምረን” እያሉ ስለሚወተውቱኝ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው። የመኪና ሞዴል በእኛ አቆጣጠር ከጻፍኩ ጉድ ይፈላል።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንስማማ። ሸቭሮሌ ኢምፓላ፣ ፎርድ ጋላክሲ፣ ፖንቲያክ ቦንቪል፣ ኦልድስሞቢል 98፣ ቢዩክ ኤሌክትራ 225፣ ክራይስለር ኒውዮርከር፣ ካዲላክ ዴቪል፣ ሊንከን ኮንቲኔንታል። የኤሌክትራው 225 ቁጥር የሞተር መጠን አይደለም። መኪናው በ1959 ሲወጣ 225 ኢንች ይረዝም ስለነበር ነው፤ 5.7 ሜትር ማለት ነው። አሁን ሜትር ይዛችሁ ወደ ጋራዣችሁ ሂዱ። እዚህ አካባቢ ብዙው ጋራዥ 20 ጫማ፣ ማለትም 240 ኢንች ነው። በፊትም በኋላም ተደምሮ የሚተርፋችሁ 38 ሳንቲሜትር ነው። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ ካለ ወይም ጥግ ላይ የውሃ ማሞቂያ ከተተከለ በሩ አይዘጋም። በመንገድ ዳር ላቁመው ካላችሁ ደግሞ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለመምጣት ሳምንት አይሞላውም። መኪና ከመፈለጋችሁ በፊት ማቆሚያ ፈልጉ። ይሄን የምለው ቀልዴን አይደለም።

የትኛውን ልግዛ ለሚለው፣ ለጀማሪ ሁለት ምክር አለኝ። አንደኛ፣ መለዋወጫ የሚገኝለትን። በ1965 ሸቭሮሌ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢምፓላ ሸጧል። ያን ያህል ስለተሸጠ ዛሬም ምንጣፉ፣ ላስቲኩ፣ መብራቱ፣ ላሜራው ሳይቀር አዲስ ይመረታል። ለኦልድስሞቢል 98 ግን የተሰበረ የኋላ መብራት መስታወት ብትፈልጉ ያላችሁ አማራጭ ከሌላ አሮጌ መኪና ላይ የተነቀለ ነው። ሞተር ቢሞት አይጨንቀኝም፤ የሸቭሮሌ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር፣ እንደ ዳቦ ይሸጣል። የጎን ጌጥ፣ የፊት ግሪል፣ የመስኮት ዙሪያ ክሮም ከጎደለ ግን ወራት ሙሉ ትዞራላችሁ። ባለ ሁለት ሜትሩን ፓራውልት እንደገና ክሮም ማስነከር ብቻ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ስለዚህ “ሞተሩ አይሠራም ግን ምንም ነገር አልጎደለም” የሚል ማስታወቂያ ሳይ ደስ ይለኛል። “አዲስ ሞተር አለው፣ ጥቂት ጌጦች ብቻ ይጎድሉታል” የሚለውን አልፈዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ባለ አራት በሩን አትናቁ። ሁሉም ሰው የሚፈልገው ጣሪያው የሚከፈተውን ወይም ባለ ሁለት በሩን ነው። ዋጋቸውም በዚያው ልክ ሰማይ ነው። ባለ አራት በር ግን የቤተሰብ መኪና ነበር። ብዙ ጊዜ የተነዳው ቀስ ብሎ ነው፣ ማንም አልቆራረጠውም፣ ማንም እሽቅድምድም አልሄደበትም። በተለይ በመሃል ምሰሶ የሌለውን፣ መስኮቶቹ ሲወርዱ ጎኑ ወለል ብሎ የሚከፈተውን ካገኛችሁ መልኩም ያምራል፣ ዋጋውም ይቀመሳል።

ሊንከን ኮንቲኔንታልን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ስለሱ ነው። ከ1961 እስከ 1969 የወጣው፣ የኋላ በሮቹ ወደ ኋላ የሚከፈቱት ነው። ታላላቆቻችን ሲያዩት ጃንሆይን ያነሳሉ፤ በኦክቶበር 1963 ዋሽንግተን ሲመጡ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር በከተማው ያለፉት በክፍት ሊንከን ነበር። እስከ 1967 የተሠራው፣ ባለ አራት በር ሆኖ ጣሪያው የሚከፈተው ሊንከን ውብ ነው። ግን ጣሪያው ሲታጠፍ የኋላው ሻንጣ ክዳን በተቃራኒ ይከፈታል፣ በኤሌክትሪክና በዘይት ግፊት ሁሉም ነገር ተራ በተራ ይንቀሳቀሳል። አንዷ ትንሽ ስዊች እምቢ ካለች ጣሪያው መሃል አየር ላይ ቆሞ ይቀራል። ገዢ ከሆናችሁ ሻጩን “ከፍተህ ዝጋልኝ” በሉት። “ባትሪው ደክሞ ነው እንጂ ይሠራል” ካለ የማይሠራ ነው ብላችሁ ዋጋ ስጡ። ደግሞ ለሰርግ ልታከራዩት ካሰባችሁ፣ የአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች ኢንሹራንስ ለኪራይ የዋለ መኪና አይሸፍንም። ለወዳጅ በነጻ ስታውሱ እንኳ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

የት ይገኛል? እኛ አካባቢ ያለን ሰዎች ዕድለኞች ነን። ፔንሲልቫኒያ ቅርብ ነው። ካርላይል ላይ በፀደይና በመኸር፣ ሄርሺ ላይ ደግሞ በኦክቶበር መጀመሪያ ትልልቅ የአሮጌ መኪናና የመለዋወጫ ገበያ አለ። ሄርሺ ስትሄዱ የሚመች ጫማ አድርጉ፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ የምትፈልጉትን ዕቃ ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጮቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወሬ ይወዳሉ። እኔ ጥሩ ጥሩ መኪኖቼን ያገኘሁት እዚያ ከተጀመረ ወሬ ነው እንጂ ከማስታወቂያ አይደለም። “ጎረቤቴ የሞተ ባሏን መኪና ልትሸጥ ነው” ይሏችኋል።

እንደዚያ ከተገኙት አንዱን ላሳያችሁ። 1965 ኢምፓላ፣ ባለ አራት በር፣ ፈዛዛ ሰማያዊ። ባለቤቷ አሮጊት፣ ከጋራዡ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት መኪናውን ሳይሆን ከሥሩ የተነጠፈውን ካርቶን ነው። የዘይት ጠብታ ከፊት ብቻ ነበር፤ ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ደረቅ ነው። ያ ማለት የፍሬን ዘይት ከኋላ ጎማ ሲሊንደሮቹ አልፈሰሰም። ከዚያ የኋላውን ሻንጣ ከፈትኩና ምንጣፉን ገለጥኩ። የትርፍ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የፋብሪካው ቀለም ነጠብጣቡ ሳይቀር ነበር። ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነውና ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ማግኔት። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሉና የኋላ ጎማውን ዙሪያና የበሮቹን ታችኛ ጠርዝ አስሱ። ላሜራ ላይ ይይዛል፣ ስቱኮ ላይ ይንሸራተታል። ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ ማግኔት አይዋሽም። ጣሪያው በቪኒል የተሸፈነ ከሆነ ከኋላ መስታወቱ ሥር በጣት ጫን በሉ። ካንኮሻኮሸ ሥሩ በስብሷል።

ከዚያ ሁሉም ሰው የሚዘለውን ፈተና አደረግሁ። ሴትዮዋን “ውሃ ላፍስስበት?” ብዬ አስፈቀድኩ። ከፊት መስታወቱ በታች አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉ። ግማሽ ጠርሙስ ውሃ እዚያ ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩና በር ከፍቼ ከዳሽቦርዱ ሥር ምንጣፉን በእጄ ዳበስኩ። ደረቅ ነበር። ርጥብ ቢሆን ኖሮ ደህና ይዋሉ ብዬ እመለስ ነበር። ያ ቦታ ሲበሰብስ ለመጠገን የፊቱን ግማሽ መኪና መፍታት ነው፤ ገንዘቡን ውሃ በላው ማለት ነው።

ከ1958 እስከ 1964 የወጡት ትልልቅ ሸቭሮሌዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ሻንሲያቸው የኤክስ ቅርጽ ነው፣ በጎን በኩል የሚሄድ ብረት የለውም። መሃሉ ከዛገ መኪናውን የሚሸከም ነገር የለም። ከሥር ተኝታችሁ በጠመንጃ መፍቻ ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጉት። በ1965 ሻንሲው ተቀይሮ ዙሪያውን የሚሄድ ሆኗል።

አሁን ወረቀት። ኢምፓላው ላይ የሻንሲ ቁጥሩን አነበብኩ። የ1965 ሸቭሮሌ ቁጥር ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያው 1 ሸቭሮሌ ነው። ቀጥሎ 64 ካለ ኢምፓላ ቪ8፣ 63 ካለ ኢምፓላ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 66 ካለ ሱፐር ስፖርት የሚባለው የኢምፓላ ስፖርት ዓይነት ቪ8 ነው። ከዚያ 37 ባለ ሁለት በር፣ 67 ጣሪያው የሚከፈት፣ 69 ባለ አራት በር ሰዳን። ሻጩ “ኦርጅናል ሱፐር ስፖርት ነው” እያለ ቁጥሩ 164 ብሎ ከጀመረ፣ ጌጡን ከገበያ ገዝቶ ለጥፎበታል። ቁጥሩ ግን የትኛው ቪ8 እንደሆነ አይነግራችሁም። በፎርድ በኩል ይሻላል፤ አምስተኛው ፊደል የሞተሩ ምልክት ነው። “የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው ጋር ይገጥማል” የሚሉም አሉ፤ ሞተሩ ከፋብሪካ የመጣበት ነው ለማለት ነው። ከ1968 በፊት ግን አብዛኞቹ ትልልቅ ሸቭሮሌዎች ሞተራቸው ላይ የሻንሲ ቁጥር አልተመታባቸውም። ምን ከምን ጋር ነው የገጠመው ብላችሁ ጠይቁ።

አሮጊቷ የጓንት ማስቀመጫውን ክፈት አሉኝ። መመሪያው ደብተር ውስጥ እንደ ባንክ ካርድ ያለች የብረት ሰሌዳ ተጣብቃለች። ሸቭሮሌ ከ1965 ጀምሮ ለዋስትና ይሰጣት የነበረች ናት። የመጀመሪያው ባለቤት ስምና የሞተሩ ኮድ ተመትቶባታል። የባላቸው ስም ነበር። አብሮም ሰውዬው ቤንዚን በቀዳ ቁጥር የጻፈበት ማስታወሻ ደብተር። ይሄ ሁሉ ለገዢ ከአዲስ ቀለም ይበልጣል። ሴትዮዋ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ “ልትቆራርጠው ነው?” አልቆርጠውም አልኩ። ያሉትን ዋጋ አልተከራከርኩም። በርግጥ ትክክለኛ ዋጋ ነበር። በደላላ የተነገረኝ ዋጋ ቢሆን ኖሮ እንደ መርካቶ ነጋዴ ነበር የምከራከረው።

ስለ ታይትል፣ ማለትም ስለ ሊብሬው። ሻጩ ስሙ ታይትሉ ላይ ከሌለ፣ “ወንድሜ ነው የገዛው፣ አንተ ፊርማውን ብቻ…” ካለ ተነሱና ሂዱ። ኒውዮርክ ለ1972ና ከዚያ በፊት ለወጡ መኪኖች ታይትል አይሰጥም፤ የሚተላለፈው የምዝገባ ወረቀቱ ነው። ጆርጂያም ከ1986 በፊት ላሉት አይሰጥም። ከእነዚህ ስትገዙ አትደንግጡ፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁ ስቴት ምን እንደሚቀበል ደውሉና አረጋግጡ። ደግሞ በዓመት ጥቂት መኪና ከሸጣችሁ በኋላ የነጋዴ ፈቃድ አውጡ የሚል ሕግ አለ። ቁጥሩ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ሕጉን ሳታዩ አራተኛ አምስተኛውን አትግዙ።

መኪናው ቤት ከገባ በኋላ። ዓመታት ቆሞ ከነበረ ባትሪ አስራችሁ ቁልፍ አትምቱ። ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ጠብ ጠብ ዘይት አድርጉ፣ አሳድሩት፣ ከዚያ ከፊት ባለው ትልቅ ቡሎን ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ከዞረ ተመስገን። የድሮውን ቤንዚን አውጥታችሁ ድፉ፤ ሽታው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ ታንከሩም ይወርዳል። የጎማ የነዳጅ ቱቦዎችን ያለ ምንም ክርክር ቀይሩ። ዛሬ የሚሸጠው ቤንዚን ኤታኖል አለበት፣ የድሮውን ላስቲክ ይበላል። ካርቡራቶር ላይ የሚያፈስ ቱቦ፣ ሥሩ የጋለ ሞተር… የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ። ዘይት ስትገዙም ዚንክ ያለበትን ጠይቁ፤ የእነዚህ ሞተሮች ካምሻፍት ያለሱ ያልቃል።

ፍሬን ከሁሉ ይቀድማል። ከ1967 በፊት አብዛኞቹ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ላይ ፍሬን የለም፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። መኪናው ወደ ሁለት ቶን ነው። እኔ ቱቦውንም ሲሊንደሩንም ሳልቀይር ከግቢ አላወጣም። አንዳንዶች ሁለት መስመር ያለውን ይገጥሙበታል። ደግ ያደርጋሉ፤ ገዢም አይቀየምም። የክራይስለር መኪና ከያዛችሁ ደግሞ ጎማ ቀያሪውን ንገሩት፤ በሹፌሩ በኩል ያሉት ዳዶዎች አፈታታቸው በተቃራኒ ነው። እኔ ዞር ባልኩበት አንድ ጎረምሳ በአየር መፍቻ ወደ ለመደው አቅጣጫ ሲጫን ቡሎኑን ቀነጠሰው። ቡሎኑ ጫፍ ላይ የተመታ ፊደል አለ፣ ማንም አያየውም።

ኢንሹራንስ ለሰብሳቢዎች የሚሸጠውን ግዙ፤ ሃገርቲና ግራንዲ የታወቁ ናቸው። ዋናው ነገር ዋጋው አስቀድሞ የተስማማችሁበት መሆኑ ነው። በተራው ኢንሹራንስ የ60 ዓመት መኪና ቢጠፋ የሚሰጧችሁ ያበሳጫል። እነዚህ ግን ዝግ ጋራዥና ሌላ የየቀን መኪና እንዲኖራችሁ ይፈልጋሉ። ቨርጂኒያ ላይ ከ25 ዓመት በላይ የሆነው የአንቲክ ታርጋ ያገኛል። በሱ ለሽርሽር የሚነዳው ከቤት እስከ 250 ማይል ነው፤ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም።

መሸጥ። ዋጋ ስታወጡ ሰው የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። የኦንላይን ጨረታዎች የመጨረሻውን ዋጋ ለሁሉም ያሳያሉ። ሃገርቲም መኪኖችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ከፍሎ ዋጋ ያወጣል፤ 1 ምርጡ ነው። ሁሉም ሰው የኔ 2 ነው ይላል፤ አብዛኛው 3 ነው። ፎቶ ስታነሱ ዝገቱን አስቀድማችሁ አሳዩ። ከሥር ተኝታችሁ አንሱ፣ የተቀደደውን ወንበር አንሱ። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ሳታቋርጡ ቪዲዮ ቅረጹ። ሩቅ ያለ ገዢ የሚያምነው ያንን ነው።

ሩቅ ያልኩት በምክንያት ነው። ስዊድንና ኖርዌይ እነዚህን መኪኖች ከአሜሪካኖች እኩል ይወዷቸዋል፣ ባለ አራት በሩን ሳይቀር። ባልቲሞር ወደብ ቅርባችን ነው፣ መኪና እየተነዳ መርከብ ውስጥ የሚገባበት ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ መኪና ከመጫኑ 72 ሰዓት አስቀድሞ ከዋናው ታይትል ጋር ለጉምሩክ መቅረብ አለበት። ታይትሉ በፖስታ እየመጣ ነው የሚባል ነገር አይሠራም። “ለአዲስ አበባስ?” ለምትሉኝ፣ ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። በቃ።

ክፍያ ባንክ ውስጥ ይሁን። ገዢው ቼኩን ከራሱ ባንክ ሲያስቆርጥ አብራችሁ ቁሙ፤ ቤት ይዞላችሁ የሚመጣውን የታተመ ቼክ አትቀበሉ፣ ከዋጋው በላይ ጽፎ ትርፉን መልሱልኝ የሚል ደግሞ ሌባ ነው። ታይትሉን የምትፈርሙት ገንዘቡ ሂሳባችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ ታርጋችሁን ፍቱና ያዙ፣ መኪናው መሸጡንም በዚያው ቀን ለዲኤምቪ፣ ማለትም መኪና ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ አሳውቁ። አዲሱ ባለቤት የሚያጠፋው ጥፋት በስማችሁ እንዳይመጣ።